ቀለሁ ወዴት ይውደቅ

አሮጌውን ጠመንጃችንን «አማት» እንለው ነበር። ችለነው እንኖራለን እንጂ አንዋደድም። ረጅምና ከባድ ነው፤ ሰደፉ እንጨት ስለሆነ ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና ትናንት መሃሉን የመታኸውን ኢላማ ዛሬ ጠርዙን ያስነካሃል። ቃታውን በሳብክ ቁጥር ትከሻህን እንደ በቅሎ ይረግጥሃል። ስለዚህ የጦር መሣሪያ ፋብሪካው አዲስ የእግረኛ ጠመንጃ እየሠራ ነው የሚል ወሬ ካምፓችን ሲገባ፣ ወታደሩ ሁሉ አዲስ ጫማ ቃል እንደተገባለት ሕፃን ሆነ።

እኔን ወሬው ብዙም አልገረመኝም። የአዲሱን ጠመንጃ መዝጊያ፣ ጥይቱን ከካዝናው አንሥቶ በርሜሉ ውስጥ የሚያጎርሰውንና ባዶውን ቀለህ አውጥቶ የሚጥለውን ብረት፣ የነደፈችው ታላቅ እህቴ ናት። ቤት ውስጥ ስለ ሥራዋ ትንፍሽ አትልም፤ ምስጢር ነው። ሰው ግን አፉን ይጠብቃል እንጂ እጁን መጠበቅ አይችልም። ራት ቀርቦ ማንኪያዋን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አስገብታ ስታዞር፣ አውጥታ ደግሞ ስታስገባ፣ እናታችን «ሾርባው እኮ ወዲህ ነው ያለው፣ ልጄ» ትላታለች። ፋብሪካ ውስጥ «ሞረድ» ነው የሚሏት። ሻካራ ነገር አይታ አታልፍም። የእናታችንን የቁም ሳጥን መቆለፊያ፣ የጎረቤታችንን የብረት በር፣ አንዴም የእኔን የቀበቶ ዘለበት ሞርዳ ሞርዳ መስታወት አስመስላዋለች።

የሙከራው ጊዜ ሲደርስ ከየክፍሉ ጥሩ ተኳሾች ተመረጡ። እኔም ደረሰኝ። የመጀመሪያ ቀን የሙከራ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፊት ቀርቤ፣ ከነዳፊዎቹ አንዷ እህቴ መሆኗን ተናገርኩ። ሰብሳቢው ሽበታም ኮሎኔል ነበሩ፤ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ዓይናቸው ግን አንድ ቦታ የማያርፍ።

«እህትህን ትወዳታለህ?» አሉኝ።

«በጣም እንጂ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ጠመንጃዋን እንደ ጠላት ያዘው። ጭቃ ላይ ጣለው፣ አግለው፣ ከቻልክ ስበረው። እዚህ ያልታየ ጉድለት ነው ሌላ ቦታ ሰው የሚበላው። ብታዳላላት የምትጎዳው እሷንም ጓደኞችህንም ነው።»

ሣጥኑ ተከፈተ። አንሥቼ ስይዛት መጀመሪያ ያስደነቀኝ ቅለቷ ነው። እጄ ለአሮጌው ክብደት ተዘጋጅቶ ስለነበር ጣሪያ ላይ ልሰቅላት ምንም አልቀረኝም። ሰደፏ እንጨት አይደለም፤ አዝራር ሲጫኑት ይረዝማል፣ ያጥራል። ከጎኔ ቁመቷ ከአሮጌው ጠመንጃ እምብዛም የማይበልጥ አንዲት ሃምሳ አለቃ ነበረች። ሰደፉን አሳጥራ ትከሻዋ ሥር ስትሰካው «ተለክቶ የተሰፋልኝ ልብስ ነው የሚመስለው» አለችና ፈገግታዋን መሰብሰብ አቃታት። ካዝናው ጎኑ ላይ መስኮት ስላለው ስንት ጥይት እንደቀረህ ዓይንህ ይነግርሃል። በርሜሉ ሥር ደግሞ ጣት የምታህል ቁልፍ አለች። መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚገፋው ከተተኮሰው ጥይት የሚመጣው ጋዝ ነው፤ ያቺ ቁልፍ ጋዙን እንደ ውኃ ቧንቧ ትቆጣጠረዋለች። ጠመንጃው ንጹሕ ሲሆን ጠበብ ታደርገዋለህ፣ ሲቆሽሽ ሰፋ። ለመፍታት መፍቻ ፍለጋ የለም፤ አንዲት ፒን በጥይት ጫፍ ገፋ ስታደርግ ሆዷን ከፍታ ታሳይሃለች። ፈትቼ ገጠምኳት፣ ደግሜ ፈታኋት። 

ተኝቼ አነጣጠርኩና ተኮስኩ። ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ እንጂ አልረገጠችኝም። ሁለተኛውን ተኮስኩ፤ ኢላማው መሃል ላይ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተሳስመው ታዩኝ። ሦስተኛውን ስተኩስ ግን ጉንጬ ላይ የጋለ ሳንቲም የተለጠፈ መሰለኝ። አራተኛውም እዚያው። ጥርሴን ነክሼ ካዝናውን ጨረስኩ።

እኔ ግራኝ ነኝ። በግራ እጽፋለሁ፣ በግራ ትከሻዬ እተኩሳለሁ። አሮጌው ጠመንጃ ቀለሁን ወደ ሰማይ ስለሚወረውረው ግራ ይሁን ቀኝ ደንታ አልነበረውም። አዲሷ ግን በቀኝ ጎኗ ባለው የቀለህ መውጫ መስኮት ነው የምትተፋው፤ በግራ ትከሻ ለሚተኩስ ደግሞ ከዚያ መስኮት ኋላ ያለው ፊቱ ነው።

የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ጉንጬን ሊያዩ መጡ። ነጭ ካፖርት የለበሱ ረጅም ሰው ናቸው። ጋብቻቸውን ሳይቀር በሚሊሜትር ለክተው ነው የገቡበት እየተባለ «ጋሼ ሚሊ» ይባላሉ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና «ዓይን አልነካም። ግራ ተኳሾችን በቀኝ ማሠልጠን ነው፤ በሌላም አገር የተለመደ ነው» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። እኔም «እሺ» አልኩ። ወታደር ሌላ ምን ይላል?

የዚያን ዕለት ማታ ለራት ስንቀመጥ እህቴ ዓይኗን ጉንጬ ላይ ተከለች።

«ምንድነው ያ?»

እናታችን ፊት ስለ ሙከራው ማውራት ክልክል ነው። «ልጅሽ ነከሰችኝ» አልኳት።

እናታችን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የምን ልጅ? እኔ የማላውቃት ልጅ አለችሽ እንዴ?»

እህቴ ሾርባው ትን አላት። ሳቋን እስክትጨርስ ጀርባዋን መታሁላት፤ እናታችን ግን እስክንተኛ ድረስ ሁለታችንንም በጥርጣሬ ስታየን አመሸች።

ሳህን ሳጥብ እህቴ ተከትላኝ ወጥ ቤት ገባች። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ አምፖሉ አዞረችው። «ቀለሁ ወደ ቀኝ ነው መሄድ ያለበት» አለች።

«መንገዱን አልሳተም እትዬ። መንገዱ ላይ ፊቴን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

አገጬን ለቀቀችው።

«ስትነድፊው ማንን አስበሽ ነበር?» አልኳት።

«አንድ ወታደር። መካከለኛ ቁመት፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀም።»

«እኔን ረሳሽኝ በያ።» ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። ልጆች ሳለን በግራ እጄ ስጽፍ መምህሩ ጣቴን በማስመሪያ ሲመታኝ፣ ክፍሉን አንኳኩታ ገብታ የተሟገተችልኝ እሷ ናት። የያዘችውን ፎጣ አጥፋ አስቀመጠችና «ነገ ከእኔ ጋር ጋሼ ዘንድ ትገባለህ» አለችኝ።

ጋሼ ሚሊ ከነጉንጬ ሲያዩኝ ገባቸው። «ሞረድ፣ አይሆንም» አሉ ገና ሳትናገር። «የንድፍ ሥዕሉ ጸድቋል። የኮሚቴው ፈተና ደርሷል። መዝጊያውን ከነካሽ ሞላው ይቀየራል፣ ሞላው ሲቀየር ጋዙ ይቀየራል። አንድ ቀዳዳ ስትደፍኚ ሁለት ትከፍቻለሽ።»

«መዝጊያውን አልነካም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትነኪው?»

«እሱን ገና አላወቅኩትም።»

ጋሼ ሚሊ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። እህቴ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «ስተኩስ ፊቴን ያቃጥለኛል ብሎ የሚፈራ ወታደር ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ደግሞ ያን ሁሉ የደከምንበት ማነጣጠሪያ ምን ይፈይድለታል?»

መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አደረጉት፤ ደግሞ አወለቁት። «ሥዕሉ ላይ አንዲት መስመር አትሰርዢም። የሚጨመር ነገር ካለ አምጪና አሳይኝ። በሙከራ አንድ ጊዜ እንኳ ቀለህ ነክሶ ቢቆም ግን ይነሣል።»

ወጥተን በሩን ስንዘጋ እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ከደስታዋ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ደስ ሲላት ትቆነጥጣለች።

በዕረፍት ቀን ጠዋት ተፈቅዶልን የፋብሪካው መሞከሪያ ክፍል ገባን። ጠባብ ረጅም ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ ጥይት የሚውጥ የአሸዋ ክምር አለ። ሦስተኛችን የፋብሪካው ብረት ቀራጭ፣ ባለ ቶርኖው ነበር። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጁ ግን የጸጉር ስንጣቂ የሚለካ ሰው ነው። እሱ የብየዳ ጭንብል አጠለቀልኝና ላዩን በጠመኔ ነጭ ቀባው። «አሁን ቆንጆ ሆንክ፣ ሳትድን አታውልቀው» አለኝ።

እህቴ የጥይቶቹን ቀለህ ሰማያዊ ቀለም ነክራ ነበር። አንድ በአንድ ተኮስኩ። በየተኩሱ መሃል እየመጣች ጭንብሉን ታያለች፤ ከዚያ ጠመንጃዋን ተቀብላ እንደ ሐኪም ጎኗን ትዳስሳለች። በመጨረሻ ጠራችን። ጭንብሉ ላይ ሰማያዊ ጠባሳዎቹ አንድ ቦታ ተከማችተዋል፤ ጉንጬ ላይ። ጠመንጃዋ ላይ ደግሞ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ጠርዝ ሰማያዊ ሆኗል።

«በቀጥታ አይደለም ወደ አንተ የሚመጣው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ወጥቶ መጀመሪያ እዚህ ጠርዝ ላይ ይጋጫል፣ ከዚያ ነጥሮ ነው ፊትህ ላይ የሚያርፈው። ሲጋጭ የሚያገኘውን ነገር ብንለውጥለት መንገዱን ይለውጣል።»

ባለ ቶርኖው ገብቶት ወደ መበየጃው ሄዷል። ከመስኮቱ ኋላ የባቄላ ፍሬ የምታህል የብረት ጉብታ በየደባት። ስትቀዘቅዝ አቀባብዬ ተኮስኩ። አንድ። ሁለት። ፊቴን ምንም አልነካውም። ልጮህ አፌን ስከፍት ቃታው እንቢ አለ። ነክሳለች። ቀለሁ ጉብታው ላይ ተጋጭቶ ወደ መስኮቱ ተመልሶ ገብቶ መዝጊያው ሥር ተሰንቅሯል።

ሦስታችንም ቀና ብለን ተያየን። ጋሼ ሚሊ ምን እንደሚሉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

«በጣም ደረቱን ነፍቶ ቆሟል» አለች እህቴ ጉብታውን በአውራ ጣቷ እያሸች። «እንደ ግድግዳ። ግድግዳ ደግሞ የመጣበትን ይመልሳል። ትከሻውን ዘንበል ማድረግ አለበት።» ጠመንጃዋን ሞርሳ ላይ አሰረችና ሞረዷን አነሣች። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ሞረድ፣ ተኩስ፣ ሞረድ፣ ተኩስ ነው። ትሞርዳለች፣ እተኩሳለሁ፤ ቀለሁ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ትሞርዳለች፣ እተኩሳለሁ፤ ባለ ቶርኖው እግር ላይ ያርፋል፣ እሱም ጠመኔውን ይዞ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ይዘላል። ላቧ በግንባሯ ሲወርድ መሐረብ ሰጠኋት፤ ጠርጋ ጨርሳ ጠመንጃውን ጠረገችበት።

ከዚያ አንዱን ተኮስኩ፤ ቀለሁ ወደ ቀኝና ወደ ፊት በሮ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቴ ወደቀ። ሌላውም እዚያው አጠገቡ። ባለ ቶርኖው ሮጦ ባልዲ አምጥቶ የወደቁበት ቦታ ላይ አስቀመጠ። «ቀጥል» አለኝ። ቀጠልኩ። ቀለሁ ባልዲው ውስጥ ቃ አለ። ደግሞ ቃ። ካዝናውን ቀይሬ ጭንብሉን አውልቄ ጣልኩትና ተኮስኩ፤ ቃ፣ ቃ፣ ቃ፤ አንዳንዱ ጠርዙን መትቶ ይዘላል፣ አብዛኛው ግን ይገባል። እህቴ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ እንደ ሕፃን እጇን ታጨበጭብ ነበር። በቀኝ ትከሻዬም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ያመጣነው ጥይት እስኪያልቅ ድረስ አንዴም አልነከሰችም። ክንዴ በቁንጥጫ ጠቆረ።

ጋሼ ሚሊ ጉብታዋን ለኩ፣ መዘኑ፣ ራሳቸው ተኮሱ። «ቡግር ነው የመሰለው» አሉ። ከዚያ ሥዕሉን አስመጥተው በእርሳስ ራሳቸው ጨመሩባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ቡግር ሆኖ ቀረ።

የኮሚቴው ፈተና ቀን ሜዳው ላይ ሁለት ጠመንጃ ተሰለፈ፤ የእኛዋና ከውጭ ሊገዛ የታሰበው። የውጪው አጨራረሱ ያስቀናል፤ ጥቁሩ ያበራል፣ ምኑም አይንቋቋም። ረጅሙ ርቀት ላይ በለጠን፤ ደብቄ አልናገርም፤ ቀዳዳዎቹ ከእኛዎቹ ይልቅ ተጠጋግተው ነበር። እህቴ ከገመዱ ማዶ ከጋሼ ሚሊ ጎን ቆማ እርሳሷን ስታኝክ አያታለሁ።

የውኃው ፈተና ላይ እኩል ሆንን። ቀጥሎ ሁለቱንም አሸዋ ውስጥ ቀብረው አወጧቸው። የውጪው ጥቂት ተኩሶ ነከሰ፤ አራግፈው፣ አጽድተው አስነሡት። የእኛዋም መጎተት ጀመረች። መዝጊያዋ እንደደከመው ሰው እየተነፈሰ ነው የሚመለሰው፤ ቀለሁን አፏ ላይ ይዛ ልትቀር ምንም አልቀራትም። ያን ጊዜ የጋዟን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ገፋሁ። ሰፋ። የሚቀጥለው ጥይት ሲተኮስ አሸዋው በመስኮቱ እንደ ጭስ ቡን ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። ካዝናውን ጨርሼ ቀና ስል ከገመዱ ማዶ ጋሼ ሚሊ የገዛ ባርኔጣቸውን እየጨመቁ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና የግንብ ጥግ ነው። ተኳሹ ግንቡን ተከልሎ መጀመሪያ ከቀኙ ጠርዝ፣ ከዚያ ከግራው ጠርዝ ይተኩሳል። ከግራው ጠርዝ ገላህን ሳታወጣ ለመተኮስ ደግሞ፣ ግራኝ ሁን ቀኝ፣ ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻህ ማዞር የግድ ነው። እኛ ስለ ግራኞች ስንጨነቅ ይህ ለማናችንም አልታየንም ነበር።

ሃምሳ አለቃዋ የውጪውን ይዛ ጀመረች። ከቀኙ ጠርዝ ኢላማውን ለቀመችው። ወደ ግራ ስትዞር ግን በመጀመሪያው ተኩስ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣለች። ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች፤ ቀለሁ በየተኩሱ ጉንጯን ይጠብሳታል። ስትጨርስ ኢላማው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ተበታትነዋል። ሌሎቹም ቀኝ ተኳሾች ያው ሆኑ፤ አንዱማ ጥይቱ ሳያልቅ ጠመንጃውን አውርዶ ዓይኑን ያሽ ጀመር።

ከዚያ የእኛዋን ሰጧት። ወደ ግራው ጠርዝ ስትዞር ትከሻዋ አስቀድሞ ሲሸማቀቅ አየሁት። ተኮሰች። ምንም። ቀለሁ ወደ ፊት በሮ ግንቡ ሥር ወደቀ። ደግማ ተኮሰች፤ ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ተፍታታ፣ ከዚያ ሳታቋርጥ ለቀቀችው። እህቴን ፈለግኳት። እርሳሷን ከአፏ አውጥታ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ኮሎኔሉ መጡና ባርኔጣቸውን ለሃምሳ አለቃዋ አስያዙ። ግንቡ ኋላ ተንበርክከው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ መጀመሪያ የውጪውን በግራ ተኮሱ። አንዱ ቀለህ ሸሚዛቸው አንገትጌ ውስጥ ገባ። አንዲት የወታደር ስድብ አፋቸው ውስጥ ስትንቀሳቀስ አየን፤ ዋጧት። የእኛዋን አንሥተው ተኮሱ። ካዝናውን ጨረሱ። ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉና ጉብታዋን በጣታቸው ነክተው «ይህቺን ማን ነው ያመጣት?» አሉ።

ጋሼ ሚሊ እህቴን ክርኗን ይዘው ገፋ አድርገው ከገመዱ ወዲህ አሳለፏት። «እሷ ናት፤ እኔ አይሆንም ብያት ነበር» አሉ።

«መነሻዋ የወንድሜ ጉንጭ ነው» አለች እህቴ። ኮሎኔሉ ወደ እኔ ዞረው ጠባሳዬን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ እሳቸውን ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውሳኔው ወዲያው አልመጣም። ኮሚቴው ተከራከረ፤ ለረጅሙ ርቀት በርሜሉ እንዲሻሻል አዘዘ። እህቴና ጓደኞቿ እንደገና እንቅልፍ አጡ። በርሜሉ ተሻሽሎ ዳግም ተተኩሶ፣ ጠመንጃዋ ለሠራዊቱ እንድትሆን ስትጸድቅ ግን እህቴ በሩን በርግዳ ገባችና እናታችንን ከወንበሯ አንሥታ አሽከረከረቻት። አሁን ምስጢር አይደለም፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።

እናታችን ትንፋሿ ሲመለስ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች። ሁሉንም አስረዳናት፤ ጉብታዋን፣ ባልዲውን፣ የኮሎኔሉን አንገትጌ። ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ የእህቴን እጅ ያዘች።

«የሠራው እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። የያዘውን ሰው እንዳይጎዳ ማድረግሽ ደስ ብሎኛል። እኔ የምጸልየው ግን ጠመንጃዋ ሣጥኗ ውስጥ እንዳለች እንድታረጅ ነው።»

«እኔም፣ እማ» አለች እህቴ። «እኔም እንደዚያው ነው የምጸልየው።»

የመጀመሪያው ጭነት ክፍላችን ሲደርስ አሠልጣኝ ሆኜ ተመድቤ ነበር። እህቴም ልታይ መጣች። ወታደሮቹ በመስመር ተኝተው ሲተኩሱ ግራኙም ቀኙም ጎን ለጎን ነው፤ ቀለሁ ከሁሉም ፊት እንደ ተረጨ እህል ይበተናል። ከኋላቸው እየተራመደች አንዱን ሰደፉ ተመችቶት እንደሆነ ትጠይቃለች፣ የአንዱን ካዝና ነቅላ ታየዋለች። አንድ ምልምል ወፍራም የብርድ ጓንት አጥልቆ ቃታው ላይ ጣቱን ለማስገባት ሲታገል አየችው። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጓንቱን ተቀበለችውና በራሷ እጅ ላይ አጥልቃ ቃታውን ሞከረችው።

«ቃታው ዙሪያ ያለው ብረት ጠቧል» አለችኝ ቀና ብላ። ዓይኗ በርቷል። «ጋሼ ዘንድ አብረን እንግባ።»

ክንዴን ሰጠኋት፤ እንደገመትኩትም ቆነጠጠችኝ።